በቡርጅ ሐሙድ አንዲት ሩዳይና

ባለፈው ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ሙሉ ደውላ «ዛሬ እንዳትመጪ፣ ሰው እየፈለገሽ ነው» አለችኝ። ሙሉ በቡርጅ ሐሙድ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ፀጉር ቤት ያላት ጎጃሜ ናት። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ሰው ቤት አጸዳለሁ፣ በቀረው ቀን እሷ ጋ ሹሩባ እሠራለሁ። «ማነው የሚፈልገኝ?» ስላት «አንዲት ሊባኖሳዊት። ወጣት ናት፣ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሩዳይና የምትባለው ሐበሻ የት ነች? ብላ ጠየቀችኝ። አላውቃትም አልኳት» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ሲመጣ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ድንች ስልጥ ይመጣብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሩዳይና እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም አይደለም። የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ስሜም ወይንሸት ነው። ይህን በዚህ ሰፈር ከሙሉ በቀር የሚያውቅ የለም። ፓስፖርቴ ወጣት ሆኜ የተቀጠርኩበት ቤት፣ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር፣ ማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል፤ እስካሁን ካልጣለችው ማለት ነው። ያለ ወረቀት ከወጣሁ ወዲህ የሰማሁት ወሬ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፦ ሠራተኛ ከጠፋች ማዳሟ ወርቄን ሰርቃ ሄደች ብላ ትከሳለች ይሉ ነበር። በእኔ ላይ እንዲህ ያለ ክስ ይኑር አይኑር አላውቅም። አለማወቄ ነው የጨረሰኝ። የመውጫ ፈቃድ እስኪ ልጠይቅ ብዬ ስንቴ ተነሥቼ ስንቴ ከታክሲው በር እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሌባ ተብዬ እጄን ታስሬ አውሮፕላን ስሳፈር፣ የወንድሜ ልጆች ቦሌ ቆመው ሲያዩኝ፣ ይሄ ነው ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ።

ያን ዘመን ሳስበው ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ ፍርሃቱ ብቻ አይደለም የሚታወሰኝ። ሲን ኤል ፊል ያኔ ፎቁም እንዲህ አልተጠጋጋም፣ በየበረንዳው የሎሚ ዛፍ በቆርቆሮ ይተከል ነበር። ሺህ ሊራም ሺህ ሊራ ነበረች፤ ሰርቪስ ታክሲ በእሷ ተሳፍረሽ ዶራ ትደርሻለሽ፣ በሚተርፈው ደግሞ ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ዳቦ ትበያለሽ ይሉኝ ነበር። ይሉኝ ነበር የምለው እኔ ለብቻዬ ስላልወጣሁ ነው። አሁን ያቺ ሺህ ሊራ መንገድ ላይ ወድቃ ባያት ጎንበስ ብዬ አላነሣትም። ዩኒፎርሜ ነጭ አንገትጌ ያለው ሰማያዊ ቼክ ነበር፣ ሁለት ነበረኝ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን እለብሳለሁ። ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤቱ ሬዲዮ የአንዲት ሴት ዘፈን ብቻ ነበር የሚያሰማው፤ ያቺን ሴት ሳይሰሙ በዚያ አገር ቡና የሚጠጡ አይመስለኝም። አትክልት ሻጩ ከታች ሲጣራ ከአራተኛ ፎቅ ቅርጫት በገመድ እናወርድለታለን፣ ጎመኑንና ሎሚውን አድርጎ ይመልስልናል። ከእኛ በላይ ያለው ቤት የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። መልኳን በደንብ አይቼው አላውቅም፣ ግን በቅርጫቷ የዘፈን ካሴት በፎጣ ጠቅልላ ታወርድልኝ ነበር። እኔም ሰምቼ ስጨርስ በላዩ ላይ ሁለት ኩኪስ አድርጌ እሰድላታለሁ።

ያንን ቤት ቤት ያደረገችው ቴታ ናት። ቴታ ማለት አያት ማለት ነው፤ የማዳሜ ባል እናት ነበረች። ማዳሜ ገና በመጣሁ ቀን ወይንሸት የሚለው ስም አፌ ላይ አልዞር አለኝ ብላ ሮዛ አለችኝ፣ በዚያው ሮዛ ሆኜ ቀረሁ። ቴታ ግን አንድ ቀን ኩሳ ስንፈለፍል፣ ያቺን ትንሿን ዱባ ሩዝና ሥጋ ሊሞሉባት ሆዷን ስናወጣ ማለት ነው፣ «እናትሽ ያወጣችልሽ ማን ብላ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ትርጉሙንም በምልክት አስረዳኋት፦ ወይን አሳየኋት፣ ቀጥዬ አፍንጫዬን ነካሁ። ሳቀች፣ ሳቀችና «የኔ እንዳንቺ አይሸትም። የኔ ይወጋል» አለች።

የቴታ ስም ሩዳይና ነበር። እንደነገረችኝ ከሆነ፣ በጥንት ጊዜ፣ ከነቢዩም በፊት፣ በዐረቦች አገር በዚህ ስም የምትጠራ አንዲት ሴት ነበረች። የእሷና የባሏ ሥራ ጦር ማቃናት ነበር። የጎበጠውን ሸምበቆ እሳት እያሳዩ፣ በእጃቸው እያሹ ቀጥ ያደርጉታል። እሷ ያቃናችው ጦር ስለማይስት ጎበዝ የሆነ ሁሉ «ሩዳይኒ ነው የያዝኩት» ብሎ ይፎክር ነበር አሉ። የቴታ አባት አራት ሴት ልጆች ወልዶ አምስተኛው ወንድ ነው ብሎ ሲጠብቅ ቴታ መጣች። ተናዶ አንድ ሳምንት ስም ሳያወጣ ከቆየ በኋላ «ወንዱን ካልሰጠኸኝ ጦሩን» ብሎ ሩዳይና አላት። «ስሙ ጥሩ ነው» አለችኝ ቴታ፣ «ሃይማኖት አይናገርም። ክርስቲያንም ሁኚ እስላም ሰው አያውቅብሽም። በዚህ አገር ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።»

በእነሱ ወግ የወንድ ልጅ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለች። ስለዚህ የማዳሜ ልጅም ሩዳይና ተባለች፤ እኔ ስገባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ማዳሜ ግን ስሙን አትወደውም፣ የገጠር አሮጊት ስም ነው ትላለች። እንግዳ ሲመጣ «ዲና፣ ነይ ቦንጁር በይ» ትላታለች። ቴታ ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች። እኔና ቴታ ሩዳይና እንላለን፣ ማዳምና እንግዶቿ ዲና ይላሉ፣ ልጅቷ ለሁለቱም አቤት ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሩዳይና ተነሺ፣ ሩዳይና ብዪ፣ ሩዳይና ጫማሽን ስል ኖርኩ። ከምላሴ ላይ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በብዛት የወጣው ቃል ይህ ስም ይመስለኛል። እወዳት ነበር። ልጅ አልወለድኩም፣ ካሁን በኋላም አልወልድም፣ ስለዚህ ይህን ለማንም ሳላዳላ መናገር እችላለሁ።

ቴታ ስትሞት ቤቱ ተለወጠ። ማዳሜ ክፉ ሴት ናት አልልም። ፈሪ ነበረች፣ ፈሪ ሰው ቁልፍ ሲይዝ ግን ክፉ ይሆናል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ቀረ፣ ስልኩ መኝታ ቤቷ ገባ፣ የውጭው በር ቀን በቀን ይቆለፍ ጀመር። አባቴ ጉለሌ አርፎ እኔ የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ እሱም ወንድሜ የላይኛው ቤት ስልክ ደውሎ ነግሯት፣ ያቺ የደሴ ልጅ በቅርጫት ባወረደችልኝ ብጣሽ ወረቀት። ማዳሜን አንዴ ብቻ ልደውል ብዬ ለመንኳት። «ካሁን በኋላ ብትደውዪ ይነሣል እንዴ?» አለችኝ። በክፋት አይመስለኝም፣ እንዲሁ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ያን ቀን በቃኝ።

ልጅቷ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሳለቅስ አይታኛለች፣ ለምን እንደሆነም ነግሬያታለሁ። በማግስቱ ማዳም ምሳ በልታ ጋደም ስትል ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ወጥ ቤት ገባችና የበሩን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከእናቷ ቦርሳ ነው ያወጣችው። እኔ አልጠየቅኋትም፣ በማርያም፣ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። «ያላ ሮዛ፣ እማማ ሳትነቃ» አለችኝ። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ በነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ወረድኩ። ቁልፉን በሩ ላይ ተውኩት። እስከ ቡርጅ ሐሙድ ድረስ በእግሬ ስሄድ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ልጅቷ ምን ትሆናለች የሚለው የመጣልኝ አንዲት አርመናዊት አሮጊት ክፍል ካከራየችኝ በኋላ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። እዚያ ሐሳብ ላይ ከተጋደምኩ እነሆ እስከ ዛሬ አልተነሣሁም።

ያቺ አርመናዊት ስሜን ስትጠይቀኝ ነው ያ ስሕተት የተሠራው። ወይንሸት ልል ፈራሁ፣ ፓስፖርቴ ላይ አለ። ሮዛ ልል ፈራሁ፣ ማዳሜ በእሱ ነው የምታፈላልገኝ። አፌ ላይ የነበረው ሦስተኛ ስም አንድ ብቻ ነው። «ሩዳይና» አልኩ። ሙሉን በዚያ ሳምንት ነው የተዋወቅኳት፣ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «አንቺ ሴት አእምሮ አለሽ? የጠፋች ሴት ማርያም ነኝ ትላለች፣ ሊና ነኝ ትላለች። እዚህ መንገድ ላይ ሊና ብለሽ ብትጣሪ አሥር ሰው ይዞራል። አንቺ አንድ ሰው ብቻ ያለውን ስም ይዘሽ ትደበቂያለሽ?» እውነቷን ነበር። ግን ስሙ አንዴ ወጥቷል፣ እውነት ለመናገር ደግሞ መመለስ አልፈለግሁም። ከዚያ ቤት የሰረቅኩት ነገር ቢኖር ይሄን ስም ነው።

ሙሉ እንዳለችው ስሙ ዕረፍት አልሰጠኝም። አዲስ ቤት ለጽዳት በገባሁ ቁጥር «ሹ? ሩዳይና? ይሄን ስም ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። አንዷ የሟች አክስቴ ስም ነው ብላ አለቀሰችብኝ። ሌላዋ ይሄ ስም እኮ ከእናቶቻችን ጋር አብሮ አልቋል፣ አሁን ማን ያወጣዋል አለች። የጡረታ አስተማሪ የሆነ አንድ ሽማግሌ ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እሱ ደግሞ ስሙ በጥንት ግጥሞች ውስጥ እንዳለ፣ የቃሉን ሥር ግን አንዳንዱ እጅጌ ከሚለው ቃል ጋር እንደሚያያይዘው፣ ሌላው እንደማያውቀው መወልወያ ይዤ ቆሜ ያስረዳኝ ነበር። እኔ «አባቴ ሱዳን ነበር የሚሠራው» ብዬ ዋሸሁት። ሴቶቹ ለጎረቤት ያወራሉ፣ ጎረቤቷ ለእህቷ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው አንድ ቀን ሲን ኤል ፊል ይገባል እያልኩ እቆጥር ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ገባ።

እና ባለፈው ማክሰኞ ሙሉ ደወለችልኝ። ረቡዕ ሥራ አልሄድኩም። ሐሙስ ያቺ ሴት እንደገና መጣች፣ አሁንም ሙሉ መለሰቻት። ክፍሌ ውስጥ መጋረጃውን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ደረጃ ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ ቆምኩ። የትኛውን ልብስ ይዤ እንደምሄድ፣ ማሰሮዬን ለማን እንደምሰጥ አሰብኩ፣ ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት በጓዳ ተደብቃ ሽንት ቤት ለመሄድ ትፈራለች?

ቅዳሜ መውጣቴ አልቀረም፣ ሙሉ የሙሽራ ፀጉር ነበረባት፣ ብቻዋን አትችለውም። ሻሽ አስሬ፣ የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ቀትር ላይ በሩ ተከፈተና ያቺ ሴት ገባች። ሙሉ ከኋላ ክፍል ነበረች። ቀና ብዬ አየኋት፦ ረዥም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች። ፊቷን አላወቅሁትም። «ይቅርታ፣ ሩዳይና የምትባል ሐበሻ እዚህ ትሠራለች አሉኝ» አለች በዐረብኛ። «አገሯ ገብታለች፣ ኸላስ» አልኳት። እጄን ከሙሽራዋ ፀጉር አላነሣሁም። «መቼ?» «ቆይቷል» አልኩ። «የአንቺስ ስም ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወይንሸት» አልኳት። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከስንት ዓመት በኋላ ለሰው ስናገር ለመደበቂያ ነበር። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ስልክ ቁጥር ጻፈችና ከመስተዋቱ ሥር አስቀመጠችው። «የሚደርሳት ከሆነ ስጪልኝ። ሮዛም ሊሆን ይችላል ስሟ» አለች። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «እሺ» አለች። በአማርኛ። «እሺ፣ ሜርሲ።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ ሙሽራዋ «እትዬ፣ ፀጉሬን እየጎተቱኝ ነው» እስክትለኝ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ለሙሉ ስነግራት «የዚህ ከተማ ልጅ ግማሹን ያሳደግነው እኛ ነን፣ እሺ የማይል የት አለ?» አለችኝ። «እሷ፣ ያሳደግሻት ልጅ ብትሆንስ? እናቷ ልካት ቢሆንስ? እንደ ልጅነቷ ትሆናለች ብለሽ ነው? አድጋለች እኮ፣ ማዳም ሆናለች» አለችኝ ቀጥላ። እኔም ይህንኑ ፈርቻለሁ። ግን ሌላም ነገር ፈርቻለሁ፦ በእኔ ምክንያት ተገርፋ፣ ተጠልታ፣ አሁን ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ልትለኝ መጥታ ቢሆንስ? ከፖሊሱ ይልቅ ይሄኛው ነው የከበደኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሙሉ ስልክ ደወልኩ። ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። «አሎ?» አለች ልጅቷ። ድምፄን ወፈር አድርጌ «የፀጉር ቤቷ ነኝ። ሩዳይናን አግኝቻታለሁ፣ አጠገቤ ናት። ግን ትፈራለች። ምን ፈልገሻት ነው?» አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ዲና ነኝ በያት። ማለቴ ትንሿ ሩዳይና። የጓደኛዬ እናት ሩዳይና የምትባል ሐበሻ ቤቴን ታጸዳ ነበር ስትለኝ ነው ያወቅኩት፣ ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል? አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፦ የዚያን ቀን ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ?»

የስልኩን አፍ በእጄ ከደንኩ። ሙሉ በዓይኗ ምን አለች ትለኛለች። እንደፈራሁት ነው ብዬ አሰብኩ፦ ልጅቷ ላይ ፈርደውባት ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክማዋለች፣ አሁን አውርዱልኝ ልትል ነው። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጄን አነሣሁና «ጠየቅኋት። አይደለም አለች። ከቦርሳው ራሷ ናት የሰረቀችው። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ ምንም አታውቂም» አልኳት።

በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ «እሺ» አለች። «ለእማማ ያኔውኑ እኔ ነኝ የሰጠኋት ብያት ነበር። አላመነችኝም። ሠራተኛዋ ናት ሰርቃ የሄደችው፣ አንቺ አዝነሽላት ነው የምትዋሺው አለችኝ። አባባም እንዲህ አለ፣ ጎረቤቱም እንዲህ አለ። ሲቆይ እኔም በሕልሜ ያየሁት ይሆናል አልኩ። ረቡዕ ከባሌ ጋር ከዚህ አገር እንወጣለን፣ ቤቱም ተሽጧል። እዚያ ቤት ሳድግ አንዲት ደህና ነገር ሠርቼ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ያኒ፣ ግድ የለም። አመሰግናለሁ በያት።»

ሰርቃ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ይህን ቃል ለጎረቤት ያሉ ሰዎች ለፖሊስ አላሉም ብሎ ማን ይምላል? ሙሉ በእጇ ዝጊው፣ ዝጊው ትለኛለች። ብዘጋው ደህና ነበርኩ፤ ሩዳይና አገሯ ገብታለች፣ ወይንሸት የምትባለውን ማንም አይፈልጋትም። ግን ልጄ ቀና ብላ የሠራችውን አንድ ነገር በራሴ አፍ ነጠቅኋት። ይህን ነገር መሸከም አልቻልኩም።

«ሩዳይና» አልኳት በራሴ ድምፅ። «እኔ ነኝ። ሮዛ ነኝ። ፀጉር ቤት ያነጋገርሽኝም እኔ ነኝ። ዋሽቼሻለሁ። ቁልፉን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ጫማሽን አውልቀሽ መጣሽና መዳፌ ላይ አስቀመጥሽልኝ። እኔ አልጠየቅኩሽም፣ ራስሽ ነሽ ያሰብሽው። ያን ቀን ከዚያ ቤት ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ።»

እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እዚያው ላይ ስለ ክሱ ልጠይቃት ነበር፤ እናትሽ ከሳኛለች ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከስልኩ ዞር ብላ፣ እያለቀሰች፣ አጠገቧ ላለው ለባሏ መሰለኝ፣ በዐረብኛ ስትጮህ ሰማኋት፦ «ሰማህ? እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሰጠኋት!»